የሞራሉ ባለቤት ማን ነው? በአኮቦና በጊሎ ወንዞች የጦርነት ትረካ ላይ የቀረበ ሂስ

መግቢያ

ስለ ጦርነት የሚተርክ ጽሑፍ ሲቀርብለት አንባቢ ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ የሚፈልገው ማን እንዳሸነፈ ነው። የሃያሲ ሥራ ግን ከዚያ በኋላ ይጀምራል። ታሪኩን የሚነግረን ማን ነው? ከየት ቆሞ ነው የሚያየው? ለተሰለፉት ሰዎች ልብ የሰጣቸው ምን እንደሆነ አድርጎ ያቀርብልናል? እነዚህ ጥያቄዎች በልብ ወለድ ላይ ብቻ ሳይሆን ተሳታፊዎች ራሳቸው በጻፏቸው የጦር ሜዳ ማስታወሻዎች ላይም መነሣት ይኖርባቸዋል። ማስታወሻም እንደ ልብ ወለድ ሁሉ ተራኪ፣ አንጻርና ምርጫ አለውና።

ይህ ጽሑፍ ከዚህ በላይ የተነሡትን ጥያቄዎች ይዞ በ1932 እና በ1933 ዓ.ም. በጋምቤላ ምድር ስለተካሄደ አንድ አነስተኛ ዘመቻ የሚተርክ አጭር ማስታወሻ ይመረምራል። ማስታወሻው የእንግሊዛዊው የሥነ ሰብ ሊቅ የኢቫንስ-ፕሪቻርድ ሲሆን፣ በአኮቦና በጊሎ ወንዞች አካባቢ ከአኙዋክ ተዋጊዎች ጋር ሆኖ ጣሊያኖችን ስለወጋበት ጊዜ የሚናገር ነው። ጽሑፉ የታተመው ደራሲው በሞተበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1973፣ «አርሚ ኳርተርሊ» በተባለው የእንግሊዝ ወታደራዊ መጽሔት ላይ ነው።

የዚህ ሂስ ዋና ሐሳብ የሚከተለው ነው። ማስታወሻው የአኙዋኮቹን የውጊያ ሞራል የመሪው ድፍረት ፍሬ አድርጎ ያሳየናል። ይሁን እንጂ ይኸው ደራሲ ከዘመቻው ጋር በተቀራረበ ጊዜ ባሳተመው የጥናት መጽሐፉ ውስጥ አኙዋኮች ከማንኛውም አለቃ ጋር የሚገቡትን ውል በሚገባ ገልጾታል። ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን ስናነብ ሞራሉ መሪው ከመምጣቱ በፊትም የተዋጊዎቹ እንደነበረ እንረዳለን። አጥኚው የሚያውቀውን ተራኪው አልነገረንም።

1. ማስታወሻውና መቼቱ

ጣሊያን ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ስታውጅ፣ ወደ ደቡብ የሚወርደው የኢትዮጵያና የሱዳን ወሰን በአንድ ቀን የጦር ግንባር ሆነ። የግንባሩ ደቡባዊ ክፍል የባሮ፣ የጊሎና የአኮቦ ወንዞች የሚያልፉበት ቆላ ነው። በክረምት ውኃ የሚተኛበት፣ በበጋ ሣሩ ከሰው ቁመት የሚበልጥበት ይህ አገር ለመደበኛ ጦር እንቅስቃሴ አይመችም።

በዚህ ምድር የሚኖረው የአኙዋክ ሕዝብ በ1902 እ.ኤ.አ. በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተፈረመው የወሰን ስምምነት ለሁለት ተከፍሏል። በዚያው ስምምነት እንግሊዞች በባሮ ዳር፣ በኢታንግ አካባቢ፣ ስፋቱ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ የንግድ ጣቢያ እንዲያቋቁሙ ተፈቅዶላቸው ነበር። ዛሬ ጋምቤላ የምንላት ከተማ ያደገችው ከዚያ ጣቢያ ነው። እንግዲህ መቼቱ ራሱ ድርብ ነው፤ በካርታ ላይ የሁለት መንግሥታት ወሰን፣ በነዋሪው ዘንድ ግን አንድ አገር።

ኢቫንስ-ፕሪቻርድ ወደዚህ ግንባር የመጣው በአጋጣሚ አልነበረም። በአገሩ ሠራዊት ውስጥ ለመግባት አስቦ ስላልተሳካለት ወደ ሱዳን ተሻገረ፤ እዚያም በሱዳን ረዳት የመከላከያ ጦር ውስጥ ተመዘገበ። ከዚያ በፊት በደቡብ ሱዳን ለዓመታት ጥናት አካሂዷል፤ የኑዌርንና የአኙዋክን ቋንቋዎችም ይናገራል። የተሰጠው ትእዛዝ አጭር ነበር፤ ከአኙዋኮች መካከል ሰዎች መልምሎ እንዳመቸው ጣሊያኖችን እንዲያስጨንቅ ነው። ለዚህም 15 ጠመንጃዎችና ለእያንዳንዱ ጠመንጃ 50 ጥይቶች ተሰጡት። ሲደመር 750 ጥይት መሆኑ ነው። ይህን ቁጥር አንባቢው እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

2. ከፊት የሚሄደው መሪ

በአማርኛ «አዛዥ»፣ «አለቃ» እና «መሪ» የሚሉት ቃላት በአንድ ሰው ላይ ሊያርፉ ቢችሉም ትርጉማቸው አንድ አይደለም። አዛዥ በቃሉ ያሠራል። አለቃ በሹመቱ ይከበራል። መሪ ግን ከቃሉ ፍቺ እንደምንረዳው መንገድ የሚያሳይ፣ ስለዚህም ቀድሞ የሚሄድ ነው። በማስታወሻው ውስጥ የምናገኘው ተራኪ በዚህ በሦስተኛው ትርጉም መሪ ነው። ከኋላ ሆኖ አያዝም፤ ማዕረጉን ጠቅሶ አያስገድድም፤ እግረኛ ሆኖ ከሰዎቹ ጋር ይጓዛል፤ ወደ ጠላት ሲጠጉም ከፊት ይሆናል።

ለምን ከፊት እንደሚሆን ግን ራሱ ምክንያት ይሰጣል። አኙዋኮች ደፋሮች ናቸው፣ ነገር ግን ውጊያ ሲጀመር ደማቸው ቶሎ ይሞቃል፣ ሳያስፈልግ ራሳቸውን ያጋልጣሉ ይለናል። ጠመንጃውን ከወገባቸው ላይ ይዘው መተኮስ ይወዳሉ፤ ከትከሻቸው አስደግፈው ሲተኩሱም ማነጣጠሪያውን አይጠቀሙም። ስለዚህ ግጥሚያው እንዲሳካ መሪው እስከ ጠላት አፍንጫ ሥር ድረስ ይዟቸው ሄዶ ከቅርብ እንዲተኩሱ ማድረግ አለበት። በዚህ ገለጻ ውስጥ ሦስት ነገሮች በሰንሰለት ተያይዘዋል፤ የተዋጊዎቹ ጠባይ፣ ከጠባዩ የመነጨ ጉድለት፣ ጉድለቱን የሚሞላ የመሪው ብልሃት።

ይህን ማስታወሻ ከሥነ ጽሑፍ አንጻር የመረመረው አሜሪካዊው የሥነ ሰብ ሊቅ ክሊፈርድ ጊርትዝ ነው። ጊርትዝ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመው የሥነ ሰብ ሊቃውንትን እንደ ደራሲ በሚያይ መጽሐፉ ውስጥ ከማስታወሻው ረዘም ያለ ክፍል ወስዶ የኢቫንስ-ፕሪቻርድን ድምፅ ለማሳየት ተጠቅሞበታል። ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭርና እርግጠኞች ናቸው፤ ጥርጣሬ አይገባባቸውም፤ ሊገለጽ የማይችል ነገር በዓለም ላይ ያለ አይመስልም። ጊርትዝ ይህን አጻጻፍ «የአኮቦ እውነታዊነት» የሚል ስም ሰጥቶታል።

የጊርትዝ ትንተና ተገቢ ነው። ነገር ግን ትኩረቱ በደራሲው ድምፅ ላይ በመሆኑ ድምፁ ስለ ተዋጊዎቹ የሚያመጣውን ውጤት እስከ መጨረሻው አልተከተለውም። እርግጠኛ ድምፅ ያለው ተራኪ ምክንያት ሲሰጥ አንባቢ ሌላ ምክንያት መፈለጉን ይተዋል። «ማነጣጠሪያውን አይጠቀሙም» የሚል አጭር ዓረፍተ ነገር ስናነብ «ለምን?» ብለን ሳንጠይቅ እናልፋለን። የዚህ ሂስ ድርሻ እዚህ ላይ ቆሞ መጠየቅ ነው።

3. አጥኚው የሚያውቀው፣ ተራኪው የተወው

በመጀመሪያ ደረጃ ከላይ ወደ ያዝነው ቁጥር እንመለስ። አንድ ሰው በእጁ ያለው 50 ጥይት ከሆነና ሲያልቅበት ቶሎ የሚተካለት ከሌለ ከሩቅ መተኮስ ብክነት ነው። ከቅርብ መተኮስ በጥይት ድህነት ውስጥ ያለ ተዋጊ የሚመርጠው ዘዴ ሊሆን ይችላል። ማስታወሻው የጥይቱን ቁጥር በአንድ ቦታ፣ የአተኳኮሱን ልማድ በሌላ ቦታ ይነግረናል፤ ሁለቱን ግን አያገናኛቸውም። አንደኛው የታሪኩ መነሻ፣ ሌላው የሕዝቡ ጠባይ ሆኖ ቀርቷል።

በሁለተኛ ደረጃ ታሪክ አለ። አኙዋኮች ከጠመንጃ ጋር የተዋወቁት በ1932 ዓ.ም. አይደለም። በክፍለ ዘመኑ መጀመሪያ ላይ በዝሆን ጥርስ ንግድ አማካይነት ከኢትዮጵያ ደጋ ወገን ብዙ ጠመንጃ ገብቶላቸዋል። በ1904 ዓ.ም. የእንግሊዝና የግብፅ ሱዳን መንግሥት ሊያስገብራቸው የላከው ጦር ከአኩዌይ ዋ ቻም ተከታዮች ጋር ተጋጥሞ መኮንኖችን ጨምሮ ከባድ ጉዳት ደርሶበታል። ይህ የሆነው ኢቫንስ-ፕሪቻርድ ሰዎቹን ከመመልመሉ ከሃያ ስምንት ዓመት ገደማ በፊት ነው። በዚያን ጊዜ ከፊት ሆኖ ወደ ጠላት ያቀረባቸው ነጭ መኮንን አልነበረም። ደራሲው ይህን ታሪክ ያውቃል፤ የጥናት መጽሐፉ በጠመንጃ መግባት የተነሣ በአኙዋክ መሳፍንት መካከል የኃይል ሚዛን እንዴት እንደተለወጠ የሚያስረዳ ነውና።

ሦስተኛውና ዋናው ነጥብ የአለቅነት ውል ነው። ኢቫንስ-ፕሪቻርድ ስለ አኙዋኮች የፖለቲካ ሥርዓት የጻፈው መጽሐፍ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1940፣ ማለትም ዘመቻው በተጀመረበት ዓመት ነው። በመጽሐፉ እንደተገለጸው የአኙዋክ መንደር አለቃ በአደባባይ ታላቅ ክብር ይሰጠዋል፤ ሰው ሁሉ ዝቅ ብሎ ይቀርበዋል። ይህ ክብር ግን በዋጋ የሚገኝ ነው። አለቃው ድግስ መደገስ፣ ሥጋና ጠላ ማቅረብ፣ ያለውን ማካፈል አለበት። እጁ ያጠረ ወይም ንፉግ የሆነ እንደሆነ መንደሩ ይነሣበታል፤ ከአለቃ ዘር የሆነ ሌላ ሰው ተክቶ እሱን ያባርረዋል። ይህን የመንደር አብዮት አኙዋኮች «አጌም» ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በዚያው ሕዝብ መካከል የኖረው ጎድፍሬይ ሊንሃርትም ስለ መንደር አለቆች ባሳተመው ጥናት ይህን ሥርዓት በሰፊው ተንትኖታል።

እዚህ ላይ የራሳችንን ባህል ለንጽጽር ማንሣት ይጠቅማል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው የአማርኛ ምሳሌያዊ አነጋገር ሹመትን የመብያ ጊዜ አድርጎ ያያል፤ ሽረቱም ከላይ የሚመጣ ነው። በአኙዋክ ዘንድ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሲሾም ያላበላ ይሻራል፤ ሽረቱም የሚመጣው ከታች ነው። ሆኖም ልዩነቱን ማጋነን አይገባም። የእኛም መኳንንት ግብር ያበሉ ነበር፤ በአዳራሹ የማያበላ ጌታ አሽከር አይበረክትለትም ነበር። የሁለቱ ልዩነት የሚታየው ነገሩ በተበላሸ ጊዜ ነው። የደጋው አሽከር ጌታውን ትቶ ወደ ሌላ ጌታ ይሄዳል፤ የአኙዋክ መንደርተኛ ግን ባለበት ሆኖ አለቃውን ያስወጣል።

አሁን ወደ ማስታወሻው ተመልሰን እናንብበው። ቋንቋቸውን የሚናገር፣ ጠመንጃና ጥይት ይዞ የመጣ፣ አብሯቸው በእግሩ የሚጓዝ፣ አደጋ ሲመጣ ከፊት የሚቆም ሰው ከአኙዋኮች መካከል ሰው ሲጠራ ተከታይ አገኘ። ይህ ለአውሮፓዊ ወታደራዊ አንባቢ ያልተለመደ የአመራር ስልት መስሎ ይታያል። ለአኙዋክ ግን የታወቀ ነገር ነው። የሰጠ ይከተሉታል፤ ያልሰጠ ይባረራል። ነጩ መኮንን የሠራዊት ማዕረግ ቢኖረውም በሰዎቹ ዘንድ የተመዘነው በመንደር አለቃ ሚዛን ነው ብለን ብንገምት የገዛ መጽሐፉ ይደግፈናል። እንዲህ ከሆነ በተራኪው ዘንድ የመሪው ብልሃት ሆኖ የቀረበው ነገር በተከታዮቹ ዘንድ ግዴታው ነበር። ከፊት መሄዱ ችሮታ ሳይሆን የውሉ አንድ አንቀጽ ነበር ማለት ነው።

ይህን ስንል የደራሲውን ድፍረት ለመንፈግ አይደለም። በጥቂት ሰዎች በዚያ አገር ውስጥ ተንቀሳቅሶ መዋጋት ቀላል አይደለም፤ ቋንቋ ማወቁም ትልቅ ነገር ነው። የጽሑፉም ዓይነት የራሱ ጫና አለው። በወታደራዊ መጽሔት ላይ የሚጽፍ ሰው ከአንባቢዎቹ የሚጠበቅበት ስለ አዛዥነት የሚያስተምር አጭር ትረካ ነው፤ ስለ መንደር አለቅነት ትንታኔ አይደለም። የጽሑፉ ዓይነት ዝምታውን ያስረዳል። ዝምታውን ባለማስተዋል ያነበበ ግን ያ ቡድን ለምን እንደቆመና ለምን እንደተዋጋ የተሳሳተ ግንዛቤ ይዞ ይቀራል።

4. በጋምቤላና በሳዮ መካከል

ከላይ ያነሣነው ሐሳብ ስለ አንድ ትንሽ ቡድን ብቻ የሚሠራ እንዳይመስል በዚያው ዘመቻ፣ በዚያው ምድር የተሰለፈውን ሌላ ጦር ለንጽጽር እንመልከት። ጋምቤላ ከጣሊያን እጅ የወጣችው በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ነው። ከእንግሊዝ ወገን ጦር ጋር ከቤልጅግ ኮንጎ የመጣው «ፎርስ ፑብሊክ» የተባለው ሠራዊት ተሰልፎ ነበር። ይህ ሠራዊት በሁሉም ረገድ ከኢቫንስ-ፕሪቻርድ ቡድን ይለያል። ወታደሮቹ ኮንጎዎች፣ መኮንኖቹ ቤልጅጎች ናቸው፤ ማዕረግ፣ ደመወዝ፣ ዲሲፕሊንና የትእዛዝ መስመር አለው። ቋንቋው የአዛዥነት ቋንቋ ነው።

ሠራዊቱ ከጋምቤላ ተነሥቶ ጣሊያኖች ወደመሸጉበት ወደ ሳዮ፣ ማለትም ወደ ዛሬው ደምቢ ዶሎ ሲገሰግስ ከቆላው ወደ ደጋው ከ1000 ሜትር በላይ ሽቅብ መውጣት ነበረበት። በተራራው ግርጌ ሲደርስ ግን ተገታ። ለሳምንታት እዚያው ሲቆይ የስንቅ እጥረት፣ ወባና ተቅማጥ፣ በምግብ ጉድለት የሚመጣ በሽታም ከጠላት ጥይት ይልቅ አዳከሙት። ምክንያቱ የወታደሮቹ ወኔ ማነስ አልነበረም። ባሮ በጀልባ የሚያስኬደው ክረምት ሲገባ ነው፤ በበጋ መርከብ ጋምቤላ አይደርስም። የስንቁ መንገድ ወንዙ ሲሆን ወንዙ ደግሞ ጎድሎ ነበር።

ዝናብ ጥሎ ባሮ ሲሞላ ስንቅና ተጨማሪ ጦር መድረስ ቻለ። በጄኔራል ዢሊየር አዛዥነት ሳዮ ላይ ጥቃት ከተሰነዘረ በኋላ ሰኔ 26 ቀን 1933 ዓ.ም. የጣሊያኑ አዛዥ ጄኔራል ጋዜራ እጁን ሰጠ። የአኦስታው መስፍን በአምባ አላጌ በግንቦት ወር እጁን ከሰጠ ወዲህ በምሥራቅ አፍሪካ የጣሊያንን ሥልጣን ይዞ የቆየው ይህ ጄኔራል ነበር። የጋዜራ ጦር በቁጥር ትንሽ አልነበረም። ይሁን እንጂ ከአንድ ወገን አርበኞች፣ ከሌላ ወገን የእንግሊዝ ጦር እያጣበቡት፣ ለሆድም ለተስፋም ብለው ያደሩለት የአገሩ ተወላጅ ወታደሮች እየከዱት ነበር። የአምስት ዓመት የቅኝ ገዥ ሥርዓት ያቋቋመው የአዛዥና የታዛዥ ግንኙነት ገዥው ሊሰጠው የሚችለው ነገር ሲያልቅበት አብሮ አለቀ።

እነዚህን ሦስት ጦሮች ጎን ለጎን ብናስቀምጣቸው የአመራር ስልታቸው ሦስት ዓይነት ነው። በአኮቦና በጊሎ ከፊት የሚሄድ መሪ፣ በሳዮ ግርጌ በማዕረግ የሚያዝ መኮንን፣ በሳዮ አናት ላይ ደግሞ የሚከፈለው እስካለ ድረስ ብቻ የሚታዘዝለት ገዥ። ስለ ሞራል የምንጠይቀው ጥያቄ ግን በሦስቱም ዘንድ አንድ ነው፤ አለቃው ለተከታዮቹ የገባው ነገር ምንድን ነው? አቅርቦታልን? በመጀመሪያው ጥይትና አብሮነት፣ በሁለተኛው በባሮ ላይ የሚመጣ ስንቅ፣ በሦስተኛው የማያልቅ መስሎ የታየ ሥልጣን። በስልት ልዩነት ብቻ ሞራልን ለማስረዳት የሚሞክር ትረካ የወንዙን ውኃ መሙላትና መጉደል ከታሪኩ ያስወጣል።

5. ወደ አማርኛ የጦርነት ጽሑፎች

ይህ ውይይት ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ምን ይጠቅማል? በመጀመሪያ የቃላት ጉዳይ አለ። አማርኛ «ወኔ» የሚል የቆየ ቃል አለው። ወኔ የአንድ ሰው ነው፤ በፉከራና በቀረርቶ ላይ የምናገኘው ተዋጊ በራሱ ስም፣ በአባቱ ስም፣ በፈረሱ ስም የሚናገረው ስለዚህ የራሱ ወኔ ነው። «ሞራል» የሚለው የተውሶ ቃል ደግሞ ከዘመናዊው ሠራዊት ጋር ገብቶ የቡድንን መንፈስ ለመግለጽ ያገለግላል። ስለዚህ ወኔ ባለቤቱ ይታወቃል። ሞራል ግን «ተገነባ»፣ «ወደቀ» ሲባል ባለቤቱ ይሰወራል፤ የሚገነባው ወይም የሚጥለው ከላይ ያለው አካል መስሎ ይቀርባል። ሰዋስው ራሱ ተዋጊውን ከባለቤትነት ቦታ አንሥቶ ተሳቢ ያደርገዋል።

በአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ ይህን ጉዳይ በግልጽ ያነሣው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው። በ1975 ዓ.ም. የታተመውና ወዲያው የታገደው ይህ ልብ ወለድ ስለ ቀይ ኮከብ ዘመቻ ሲተርክ ተራኪ ያደረገው የዘመቻው የፕሮፓጋንዳ ሥራ ኃላፊ የሆነውን ጋዜጠኛ ፀጋዬ ኃይለማርያምን ነው። ሥራው የሠራዊቱን ሞራል መገንባት የሆነ ሰው የሞራሉን መውደቅ ሲያይ የሚፈጠረው ግጭት የልብ ወለዱ አንዱ ጉልበት ነው። በዓሉ ከኢቫንስ-ፕሪቻርድ የሚለየው በዚህ ነው። የበዓሉ ተራኪ የራሱን እርግጠኝነት ይጠራጠራል፤ ሌሎች ገጸ ባሕርያትም ይሞግቱታል። የአኮቦው ተራኪ ግን የሚሞግተው የለም።

ሁለተኛው ምሳሌ ከማስታወሻ ጽሑፎች የሚገኝ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ በልዑል ራስ እምሩ መሪነት በሽሬ ግንባር የተሰለፈው ጦር በኋላ ወደ ምዕራብ አፈግፍጎ በ1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አካባቢ ታሪኩ እንዳበቃ የታወቀ ነው። ስለዚህ ዘመን ልዑል ራስ እምሩ «ካየሁት ከማስታውሰው» በሚል ርእስ የጻፉት አለ፤ ከተከታዮቻቸው አንዱ የነበረው ሐዲስ አለማየሁም «ትዝታ»ን ጽፏል። አንባቢ ያንኑ ዘመን አንድ ጊዜ ከመሪው፣ አንድ ጊዜ ከተከታዩ አንጻር ለማየት ዕድል አለው። አንዱ የዘለለውን ከሌላው ሊፈልግ፣ ሁለቱ በማይስማሙበት ቦታ ቆሞ ሊያስብ ይችላል። የአኮቦንና የጊሎን ዘመቻ የሚያጠና ሰው ግን በእጁ የሚገኘው የመሪው ማስታወሻ ነው። ተከታዩ በመሪው አፍ ብቻ ይናገራል።

በመጨረሻም የራሳችንን ጉድለት መናገር ተገቢ ነው። ስለ አምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን በአማርኛ የተጻፉ ግጥሞች፣ ተውኔቶችና ልብ ወለዶች ብዙ ናቸው። የአብዛኞቹ መቼት ግን ደጋው ነው፤ ሸዋ፣ ጎጃም፣ በጌምድር፣ ትግራይ። በዚያው ዘመን መጨረሻ ላይ በአኮቦና በጊሎ ዳር ጣሊያንን የወጉ አኙዋኮች ለአማርኛ አንባቢ እንግዶች ናቸው። በእነሱ ላይ የተጻፈውን ለማንበብ የእንግሊዝ ወታደራዊ መጽሔት መክፈት፣ የተጻፈውንም ለመመርመር የአሜሪካዊ ሊቅ መጽሐፍ መክፈት አስፈልጎናል። የአርበኝነትን ታሪክ የአገር ሁሉ ታሪክ ነው እያልን ስናስተምር ይህን ክፍተት አልፈነው ልንሄድ አይገባም።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከትነው የኢቫንስ-ፕሪቻርድ ማስታወሻ ከፊት የሚሄድ መሪን ከሞቀ ደም ተዋጊዎች ጋር አቆራኝቶ የሚተርክ፣ በአጻጻፉም እርግጠኛና ግልጽ የሆነ ጽሑፍ ነው። ግልጽነቱ ግን የተዋጊዎቹን ምክንያት በከፊል ይጋርዳል። የጥይቱ ማነስ፣ የ1904 ዓ.ም. ውጊያ ታሪክና የመንደር አለቅነት ውል ወደ ንባቡ ሲመለሱ ያ ቡድን በመሪው ድፍረት ብቻ የቆመ እንዳልነበረ ይታያል። ለአለቃ መቼ እንደሚታዘዝ፣ መቼ እንደማይታዘዝ አስቀድሞ የሚያውቅ ሕዝብ ነበር። የፎርስ ፑብሊክና የጋዜራ ጦሮች ታሪክም የሞራል ጥያቄ ከአለቃው ጠባይ አልፎ ወደ ስንቁ፣ ወደ መንገዱና ወደ ተገባው ቃል እንደሚወስድ ያስገነዝባል።

ከዚህ በመነሣት ሁለት ነገሮችን ለውይይት ማቅረብ ይቻላል። አንደኛ፣ በትምህርት ክፍሎቻችን የጦርነት ማስታወሻዎች ሲነበቡ ተማሪው «መሪው እንዴት ያለ ሰው ነበር?» ከሚለው ጥያቄ ጎን «ተከታዮቹ ምን ይጠብቁበት ነበር?» የሚለውንም እንዲጠይቅ ማድረግ ይገባል። ሁለተኛ፣ በአኙዋክና በኑዌር ቋንቋዎች ስለዚያ ዘመን በቃል የሚነገሩ ትረካዎችና ዘፈኖች በጋምቤላ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌሎች ተቋማት በሚገኙ የቋንቋዎቹ ተናጋሪዎች ተሰብስበው ወደ አማርኛ ቢመለሱ፣ የአኮቦው ማስታወሻ እስካሁን ያጣውን ሞጋች ድምፅ ያገኛል። በጊሎ ዳር 50 ጥይት ይዞ የቆመው ሰው ከወገቡ ላይ ለምን እንደተኮሰ ልጅ ልጆቹ የሚሉት ካለ፣ መጠየቅ ያለብን እኛ ነን።